ታጥቦ የጠፋው ምልክት

እናቷ ሐኪሙ ፊት ክንዷን ስታነሳ፣ ትናንት ባለሙያው ብብቷ ላይ በእስክሪብቶ ያሰመረው ምልክት ድራሹ ጠፍቷል። ልጅቷ ክው አለች። ምልክቱ እናቷ ጡቷ ላይ የተወጋችው ጨረር ያለው መድኃኒት መጀመሪያ የደረሰበትን ንፍፊት ያሳይ ነበር፤ ሐኪሙ ዛሬ እሱን አውጥቶ፣ ካንሰሩ መዛመት አለመዛመቱን ሊያስመረምር ነው።

«እማዬ! እንዳትታጠቢው ተብለሽ አልነበር?»

«ታዲያ ላብ በሚሸት ብብቴ ሐኪም ፊት ልቅረብ?»

«ኧረ ቀዶ ሊያክምሽ እንጂ ሊያጭሽ አልመጣም!»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «አይጨነቁ፣ መድኃኒቱ ከውስጥ አይታጠብም» አለና ጨረሩን የሚፈልገውን ዘንግ የመሰለ መሣሪያ ወደ ብብቷ አስጠጋ። መሣሪያው ዝም ብሎ ቆየ። ትንሽ ከፍ ሲያደርገው ግን ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ይጮህ ጀመር።

«ተገኘ!» ልጅቷ በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት።

እናቷ ግን ክንዷን ድንገት አውርዳ መሣሪያውን ብብቷ ውስጥ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ካላገኙት ተዛምቷል አይሉኝም ብዬ እኮ ነው» አለች፣ ለልጇ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ሌሊቱን ሙሉ ስፈትገው አደርኩ።»

ልጅቷ የእናቷን ሌላውን እጅ ያዘች። ሐኪሙም የእናቷን ክንድ አላስለቀቀም፤ ቆሞ ጠበቃት። መሣሪያው ግን እዚያው እንደታቀፈችው መጮኹን ቀጠለ።