ትልቁ ጥርስ በየት በኩል ይገጠማል?

ጋሽ ብሎን በሰው አያምኑም። ራሳቸው ያጠበቁትን ብሎን እንኳ ዞር ብለው መጥተው መልሰው ያጠብቁታል፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። ከጋራዛቸው በር በላይ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው በቀይ ቀለም አስጽፈዋል።

በዚያ ሳምንት ደግሞ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ነበራቸው። ከኮረብታው ጫፍ ድንጋይ የምታስወጣው ሴትዮ፣ ጭቃውን ጥሶ ላይ ለደረሰ የጭነት መኪና የዓመቱን ሥራ እሰጣለሁ ብላለች። ለእያንዳንዱ አንድ ሙከራ ብቻ። የቀረቡት ሁለት ናቸው፦ የጋሽ ብሎን አሮጌ መኪናና ከመንገዱ ማዶ ያለው ጋራዥ መኪና፤ ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ልጆች። ሥራው ካመለጣቸው ጋሽ ብሎን ጋራዣቸውን ዘግተው ቤት ሊውሉ ነው።

ስለዚህ የኋላ አክስሉን አወረዱት። ከሴት ልጃቸው ጋር ሆነው (ሾፌሯም ረዳታቸውም እሷው ናት) ሆዱን ከፈቱ፣ የጠቆረውን ዘይት አፈሰሱ፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በናፍጣ አጠቡ። ያለቁትን ኩሽኔታዎች ጣሉ። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ለብቻው እንዳይሽከረከር ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስር ዕቃ ጨመሩበት። በመጨረሻ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ትልቁን ጥርስ ቦታው አስገብተው ዘንጉን በእጅ ሲያዞሩት፣ ጎማዎቹ ወደፊት ተንከባለሉ። ጋሽ ብሎን ከደስታቸው ብዛት አክስሉን ሳሙት።

«አባዬ፣ ከንፈርህ ግራሶ ሆነ» አለች ልጃቸው።

«ይሁን! ሊፕስቲክ ነው!»

አክስሉን መልሰው ከመኪናው ሥር አሰሩት። አንድ ነገር ብቻ ሰላም ነሳቸው፤ የልጃቸው እጮኛ። ጎማ ከመለጠፍ ሌላ የማያውቅ ጎሚስታ ነው። ጥፋቱ ግን የማዶው ጋራዥ ባለቤት የወንድም ልጅ መሆኑ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ከሥራቸው አልጠፋ አለ። «ጋሼ፣ ላግዝዎት?» ይላል። «ይሄ ምንድን ነው? ያኛውስ?» ይላል።

«ሰላይ ነው» አሉ ጋሽ ብሎን።

«ኧረ አባዬ! አንተን ደስ ለማሰኘት እኮ ነው!»

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ! አለቀ።»

ልጅቷ ወጣ እንዳለች ጎሚስታው ደግሞ ብቅ አለ። ትልቁ ጥርስ በየት በኩል እንደሚገጠም ጠየቀ። ጋሽ ብሎን ግራና ቀኝ አይተው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ለነፍስህም እንዳትነግራት። በቀኝ ነው።»

«በቀኝ? እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?»

«በግራ ከሆነማ አለቀልን! ጋራዡ ተዘጋ በለው!»

የጎሚስታው ፊት ልውጥ አለ። ሳይሰናበት ወጣ።

እውነቱን ለመናገር፣ በእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ትልቁ ጥርስ በሁለቱም በኩል ይገባል። በግራ ሲሆን መኪናው እንደማንኛውም መኪና ይሄዳል። በቀኝ ሲሆን ግን የወደፊት ማርሽ ሲያስገቡለት ወደ ኋላ ይሮጣል። ጋሽ ብሎን መጋዘን ገብተው፣ አፋቸው ላይ ጨርቅ ይዘው፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

በማግሥቱ አባትና ልጅ የጭቃውን ጥልቀት ሲለኩ ኮረብታው ላይ ዋሉ። ጎሚስታው «ሥራ አለብኝ» ብሎ ቀረ። ሲመለሱ በር ላይ አገኙት። እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል፣ ወገቡን ይዞ ያቃስታል፣ ጥርሱ ግን አልከደን ብሏል። ከጀሪካኑ ዘይት ግማሹ የለም። መፍቻዎቹም ተዘበራርቀው ተሰቅለዋል።

«ጎማ ስትለጥፍ ነው እንዲህ የሆንከው?» አሉት።

«የዘመድ ሥራ ነበረችኝ ጋሼ» አለና አቀረቀረ።

የዘመድ! የአጎቱን መኪና ነዋ! ጋሽ ብሎን ስለ ዘይቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። እንደውም ጎሚስታውን አቅፈው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ልጅየው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አባዬ፣ ሞተሩን አስነስተን አንድ ጊዜ እንሞክረው?» አለች ልጃቸው።

«ማዶዎቹ ድምፁን እንዲሰሙ? የተፈተነ አይፈተንም!»

ብሎን ሁለቴ የሚያጠብቁት ሰውዬ፣ ያን ቀን አንድ ብሎን አልነኩም። ሳቅ ሳቅ እያላቸው ተኙ።

ጠዋትም ሞተሩ እንዳይሰማ መኪናውን ሰፈርተኛው እየገፋ እዚያው ኮረብታው ግርጌ አደረሰላቸው። ከመነሻው ኋላ ኩሬ አለ። ጋሽ ብሎን «ከማዶዎቹ መኪና ኋላ ዞር በሉ! ነግሬያለሁ!» እያሉ ሕፃን ሽማግሌውን ያስለቅቃሉ። ሰውም ግራ ገብቶት ዞር አለ።

ዕጣው ለማዶዎቹ ወጣ። መኪናቸው አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወደፊት ሄደ።

«አሁን ይመለሳል» አሉ ጋሽ ብሎን።

አልተመለሰም። ግማሽ መንገድ ድረስ ወጣና ጭቃው እስከ ሆዱ ዋጠው። ጋሽ ብሎን ለአፍታ ግራ ተጋቡ፤ ግን ምን ቸገራቸው? ማዶዎቹ ቀርተዋል! ባርኔጣቸውን ወደ ሰማይ ወረወሩ።

«በይ ልጄ! ሥራው የኛ ነው!»

ልጅቷ አንደኛ ማርሽ አስገባች። ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። መኪናው ዘሎ ወደ ኋላ በረረ፣ ዳክዬዎቹን በተነ፣ ኩሬው መሐል እስከ ጋቢናው ገብቶ ሞተሩ ጠፋ። አገሩ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ በመስኮት ወጥታ ጣሪያው ላይ ተቀመጠች፤ እሷም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የድንጋይዋ ሴትዮ ጃንጥላዋን አጥፋ «በአህያ አስጭናለሁ!» ብላ ሄደች። ጋሽ ብሎን ጭቃው ላይ ዘፍ አሉ።

ጎሚስታው በሰው መሐል እየተጋፋ ደረሰና አጠገባቸው ተንበረከከ።

«ጋሼ፣ ምን ነካው? እርስዎ ተሳስተው በግራ ገጥመውት ነበር፤ እንዳሉኝ ወደ ቀኝ አዙሬልዎት ነበር እኮ!»