ለውብአንቺ የተነፋ ባሱን

በዚያ ክረምት ወረርሽኝ ገባ፤ ልጃችን ውብአንቺ ሞተች። ቀብሯ ላይ እንባ አልወጣኝም። በዓመቱ በአዋጅ የሁላችንም ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚያጣራ ማረሚያ ተተከለ፤ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቅ ድምፅ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ልቅሶም እዚያው መካከል የሚንሸራተት ድምፅ ነውና አብሮ ጠፋ። ባለቤቴ ትርንጎ ወጥ እየሠራች ስታለቅስ የማውቀው በትከሻዋ መንቀጥቀጥ ነበር።

«ለልጅህ ልቅሶ አለብህ» ትለኛለች፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።

ትናንት ማረሚያዎቻችንን አስወጣን። ከወጣ በኋላ ጆሮ የሚሰማው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ለዘላለም ይደነቁራል።

«ፈራሽ?» አልኳት።

«ንፋ ባክህ፣ ቀኑ ይሄዳል።»

ባሱኔን፣ ያን ረጅም የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ፣ አነሳሁና ለልጄ የሠራሁትን ዜማ በፒያኖ ቁልፎች መካከል ባሉት ድምፆች እየተንሸራተትኩ ነፋሁላት።

«አሁን ገና አለቀስክላት፣ አንተ ድንጋይ» አለች።

ከዚያ ራሷም አለቀሰች። ድምፅዋን እስከ መጨረሻው ሰማሁት።