ሰባት ቁጥር ላም

«አንድ፣ ሁለት፣ ሳብ!» ይላል ሽማግሌው የበረት ኃላፊ፤ ሰውየውም የማንሻውን ሰንሰለት በሁለት እጁ ቁልቁል ይስባል። በላሟ ሆድ ሥር የገባው ሰፊ የሸራ ቀበቶ ይወጠራል። የጎድን አጥንቶቿ የወጡ፣ ቆዳዋ የተሸበሸበ ላም ከጭዱ ላይ ክንድ ያህል ከፍ ትላለች፤ እግሮቿ ግን እንደ እርጥብ ልብስ ከመንጠልጠል በቀር መሬቱን አይረግጡም።

«በቃ፣ ቀስ ብላችሁ አውርዷት» ትላለች ሐኪሟ። ተንበርክካ የላሟን ጭን ትዳስሳለች። «አራት ቀን ሙሉ ተኝታለች። የገዛ ክብደቷ ጡንቻዋን እየገደለው ነው። እስከ ቀትር በራሷ ካልቆመች በመርፌ አሳርፋታለሁ። ከዚያ ወዲያ ማቆየት ማሠቃየት ነው፣ ጋሼ።»

«ጋሼ» የምትለው ሰውየውን ነው። ከሦስት ቀን በፊት ወደዚህ የከብት ማገገሚያ መጥቶ፣ ጡረተኛ ነኝ፣ ሥራ ፈትቻለሁ፣ በነጻ ላግዛችሁ ሲል፣ ሌላ የጠየቀው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ፍግ ይዝቃል፤ ለብ ያለ ውኃ በጨው ይበጠብጣል፤ ለከሲታዎቹ ላሞች በየሁለት ሰዓቱ ድርቆሽ በእፍኝ እየለካ ያድላል፤ የተራበ ሆድ በአንድ ጊዜ ከጠገበ ይገድላልና። ይህችን በጆሮዋ ላይ ሰባት ቁጥር የተንጠለጠለባትን ላም ግን ሁልጊዜ ከኋላዋ ሆኖ ነው የሚያገላብጣት። አጠገቧ ድምፁን አሰምቶ አያውቅም።

«እኔን የሚያቃጥለኝ ባለቤቶቿ ናቸው» ይላል ሽማግሌው፣ ቀበቶውን ከላሟ ሥር ስቦ አውጥቶ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። «ሁለት ወንድማማቾች ናቸው አሉ። በአባታቸው ከብት ውርስ ፍርድ ቤት ተካስሰው፣ አንዱ ‹እኔ ከቀለብኩ ለሱ ማደለቤ ነው› ሲል፣ ሌላውም እንደዚያው ሲል፣ ዐሥራ አንድ ከብት በረት ውስጥ ዘግተው ተዉ። አራቱ እዚያው ሞተው ቀሩ። እስቲ አሁን እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ፊት ይኖራቸዋል?»

«እንደማንኛችንም ያለ ፊት ነዋ፣ አባባ» ትላለች ሐኪሟ።

«ተይኝ እባክሽ! አንድ ቀን እዚህ ብቅ ቢሉ ይኼን ቀበቶ በነሱ አንገት ነበር የማጠልቀው። አይደል እንዴ፣ ወዳጄ?»

ሰውየው ያልተወሳሰበውን ሰንሰለት እንደ ተወሳሰበ ሁሉ ሊያፍታታ ያጎነብሳል።

ታላቅየው እርሱ ነው። ቤቱ ከበረቱ አርባ እርምጃ አይርቅም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከብቶቹ ሲጮኹ መስኮቱን ዘጋ፤ በሁለተኛው ሬዲዮውን ከፍ አደረገ፤ በሦስተኛው ግን ጩኸቱ ቆመ፣ እርሱም ያን ሌሊት ደኅና እንቅልፍ ተኛ። ከሁሉ ይልቅ ለራሱ እንኳ ሊናገረው የማይችለው ያንን እንቅልፍ ነው።

ይህችን ላም በጡጦ ያሳደጋት እርሱ ነበር፤ እናቷ በወለደቻት ዕለት ሞታ። የመኖ ባልዲዋን ቂጥ በጣቱ አንጓ ሦስት ጊዜ መትቶ ስሟን ከጠራ፣ ተኝታም ቢሆን ትነሣለች። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል። አልጠራትም። አንድም ሰዎቹ እንዳያውቁት ነው፤ አንድም እርሷ እንዳታውቀው።

ፀሐይ በበሩ ገብታ የጭዱን ግማሽ አልፋለች። ሐኪሟ ሰዓቷን ታይና ቦርሳዋን ትከፍታለች። መርፌው ከብልቃጡ ሲሞላ ሰውየው ያያል።

«አንድ ጊዜ ልሞክር።»

«ምኑን?» ይላል ሽማግሌው። «ልትመክራት ነው?»

ሰውየው በግድግዳው ጥግ የተደፋውን የቆርቆሮ ባልዲ ያነሣል፤ በላሟ ፊት ለፊት ይንበረከካል። ሦስት ጊዜ ይመታል።

«እንኮዬ» ይላል። «ነይ፣ እንኮዬ። ነይ እናቴ።»

ሰባት ቁጥር የተንጠለጠለበት ጆሮ ይዞራል። ከዚያ ዓይኖቿ። ላሟ በረጅሙ ትተነፍሳለች፤ የኋላ እግሮቿን ወደ ሆዷ ትሰበስባለች፤ ወገቧ እየተንቀጠቀጠ ይነሣል፤ በፊት ጉልበቶቿ እንደ ተደገፈች ለአፍታ ትቆያለች። ሽማግሌው ሊደግፋት ሲዘልል ሐኪሟ እጁን ትይዘዋለች። አንደኛው ሰኮና መሬቱን ይረግጣል፤ ሁለተኛው ይከተላል።

ቆማለች።

እልል የሚል የለም። ሽማግሌው ላሟን ያያል፤ ባልዲውን ያያል፤ ከዚያም የሰውየውን ፊት ገና አሁን እንዳገኘው ሁሉ ትክ ብሎ ያየዋል።

«ስሟን ማን ነገረህ?»

«እኔ ነኝ ያወጣሁላት።»

ሐኪሟ መርፌውን ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ ትመልሳለች። ሽማግሌው የሸራውን ቀበቶ አሁንም እንደ ያዘ ነው። በመጨረሻ ማንንም ሳያይ፣ «ድርቆሽ ላምጣ» ብሎ ይወጣል።

ላሟ አንድ እርምጃ ትራመዳለች፤ ሌላም። አፍንጫዋን ባልዲው ውስጥ ትከታለች።

ባልዲው ባዶ ነው። ሰውየው ምንም አልጨመረበትም፤ ለመጨመር እንኳ አላሰበም። ሻካራ ምላሷ የቆርቆሮውን ወለል ከዳር እስከ ዳር ይልሳል፤ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ምናልባት አንድ ነገር አምልጧት እንደ ሆነ መልሳ ታጎነብሳለች። እርሱም ባልዲውን በሁለት እጁ እንደ ያዘ፣ ሊነጥቃትም ሊያስቀምጠውም ሳይችል፣ የምላሷን ድምፅ ይሰማል።