እድሩ ያዋሰው ሽር ጉድ

ውሸት ከሆነ ምላሴ ይድረቅ፤ ዘንድሮ እድራችን የሚያውሰው ድንኳንና ብረት ድስት ብቻ አይደለም፣ የሰው ሽር ጉድም ያውሳል። ባለቤቴ ስንዱ የራሷን ለጎረቤት ሠርግ ሰጠች፤ ባለሠርጎቹ እስካሁን አልመለሱም።

ድሮ ቤት ስገባ ሦስት ሆና ነበር የምትታየኝ፦ አንዷ ወንበር ታቀርባለች፣ አንዷ እጄን ታስታጥበኛለች፣ አንዷ የቀኑን ቀልዴን ትጠይቀኛለች። አሁን ከተቀመጠችበት ሳትነሳ «መጣህ?» ትለኛለች።

ቢብስብኝ የእድሩን ዳኛ አቶ ደምሰውን ለመንኳቸው።

«የአንተን ሽር ጉድ፣ ቀልድህን፣ መያዣ አስቀምጥና ከእድሩ ዕቃ ቤት ሌላ ለእሷ ውሰድላት» አሉኝ።

ሰጠሁ።

ቤት ስገባ ስንዱ ወንበር ይዛ እየሮጠች ተቀበለችኝ። «እስቲ ዛሬ ደግሞ ማንን አታለልክ?»

«ማንንም» አልኳት።

ቀልዱ ገና የሚቀጥል መስሏት አጠገቤ ቆማ ጠበቀች።