ከታች ያለው ስም

ሐኪሙ እስኪጠራቸው መታገሥ አቅቷት የደም ምርመራ ውጤታቸውን የያዘውን ፖስታ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቀደደችው።

«ምን ያቅበጠብጥሻል?» አሉ አማቷ። «ልጄን የፈጀው ያንቺ ጭቅጭቅ ነው። በእኛ ዘር ልቡን የታመመ የለም!»

ሦስቱም ደም ሲሰጡ ሐኪሙ አስረድቷቸው ነበር፤ የደም ሴሎችን ከደም ሥር ግድግዳ ጋር የሚያጣብቅ ፕሮቲን አለ፤ እሱ በዘር የተለወጠበት ሰው ለድንገተኛ የልብ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል። ለውጡ ከተገኘበት ሰው ስም ፊት የመደመር ምልክት ይደረጋል። ትንሿ ልጇ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ እየሮጠች ትስቃለች።

ከአማቷ ስም ፊት ምልክቱን ስታይ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን የምታስበው ሴት፣ ለዚያች አፍታ ሌላውን ሁሉ ረሳች። «ይኸው እማማ! ባሌን የገደለው የእርስዎ ደም ነው!» ብላ ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር ደቀነችው።

አሮጊቷ መነጽራቸውን አደረጉ። መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ከዚያ ጣታቸው ወደ ታች ወረደና እዚያው ቆመ። እሷም ጣታቸውን ተከትላ አየች። የትንሿ ልጇ ስም፣ ከፊቱም ያው ምልክት።

«አትሩጪ!» ብለው ሁለቱም እኩል ጮኹ።