ወፍራሙ ሽቦ

ልብስ ሰፊው ባሏ የሳሎኑን ግድግዳ በልብስ መለኪያ ሜትሩ ሲለካ ያገኘችው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የደንበኛ ወገብ እንደሚለካ ሰው ጎንበስ ብሎ ከጥግ እስከ ጥግ ለካና ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈ።

«ምን ልትሰፋለት ነው?» አለችው።

«የቤት ሲኒማ ልናስገባ ነው። አምስት ስፒከር፣ አንድ ባስ፣ አንድ ሪሲቨር። ሪሲቨር ማለት ድምፁን ተቀብሎ ለሁሉም የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው።»

 ሃያ ዓመት አብራው የኖረችው ባሏ አምፖል ሲቃጠል እንኳ ጎረቤት የሚጠራ ሰው ነው።

ደግሞም በዚያ ቤት ድምፅ ከተከለከለ አራት ወሩ ነው። ከሬዲዮ ጣቢያ ጡረታ የወጡት እናቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከሆስፒታል ሲወጡ ያረፉት እሷ ዘንድ ነበር። ሐኪሙ «እረፍት ያስፈልጋቸዋል» አለ። እሷ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናት፤ እረፍት ማለት ዝምታ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ሐኪም አላስፈለጋትም። የበሮቹን ማጠፊያ ዘይት ቀባች። ለወንበሮቹ እግር ባሏን የጨርቅ ካልሲ አሰፋች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ከንፈራቸውን ብቻ የሚያንቀሳቅሱ ሆኑ። እናቷ ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው ክፍል ጋደም ብለው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ይውላሉ። እንዴት ነሽ ሲባሉ «ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» ነው መልሳቸው።

«እማዬ እኮ እዚህ ግድግዳ ጀርባ ነው የተኛችው» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ ባሏ ሜትሩን እየጠቀለለ።

ማወቁ ነው የከነከናት። እናቷ በሠርጉ ሰሞን «ይሄ ልጅ መርፌ እንጂ ምላስ አልተሰጠውም» ብለው ነበር። ባሏ ሰምቷል። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም። ቂም የያዘ ሰው ደግሞ አያነሣም።

በማግስቱ ተከትላው ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄደች። ሻጩ ባሏን ከሩቅ ሲያይ ወንበር ሳበለት። በሳምንት ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ መምጣቱ ነበር።

«ይሄኛው ለጀማሪ ይበቃል» አለ ሻጩ፣ አንድ ቀጠን ያለ ሪሲቨር እያሳየ።

ባሏ ወረቀቱን አወጣና አነበበ። «መቶ ዋት የሚለው አንዱ ስፒከር ብቻውን ሲሠራ ነው ወይስ አምስቱም አንድ ላይ ሲሠሩ?»

 ሻጩ ቀጠን ያለውን ሪሲቨር ወደ መደርደሪያው መልሶ ከታች አንድ ከባድ ሳጥን አነሣ።

ወደ ሽቦው አለፉ። ባሏ ቀጭኑን አልፈልግም አለ፤ የኋላዎቹ ስፒከሮች አሥራ ሁለት ሜትር ይርቃሉና ወፍራሙ ነው የሚሻለው። የወፍራሙን ጫፍ ደግሞ በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። «ይሄ ንጹሕ መዳብ ነው ወይስ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ሱቅ ሊከፍቱ ነው እንዴ?» አለ ሻጩ።

ሚስቱ ከሽቦው አጠገብ ወዳለ ጥቁር ሳጥን ጠቆመች። «ይሄ ባስ የምትሉት ምን ይሠራል?»

«እሱማ ወለሉን ነው የሚያንቀጠቅጠው፣ እትዬ። እንኳን የተኛን የሞተን ይቀሰቅሳል።»

ባሏ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው። ነገ ቁርጡን ነግሬህ እወስዳለሁ።»

ሁሌም እንዲሁ ነበር። ሱቅ ውስጥ አንድ ነገር ይላል፣ ቤት ገብቶ ሲወጣ ሐሳቡ ሌላ ነው።

መንገድ ላይ ያዘችው። «ይሄን ሁሉ ማን አስተማረህ?»

«አንድ የሚያውቅ ሰው።»

«ስም የለውም?»

«አለው» አለና እርምጃውን ፈጠን አደረገ።

ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። ባሏ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የሽቦውን ልጣጭ በልብስ መቀስ ይገፍፋል። ባሱ የት እንደተቀመጠ አየች። ልክ እናቷ በር አጠገብ ነው፤ በሩ ሲከፈት ሊነካው ምንም አልቀረውም።

ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም። ታክሲ ለሚነዳው ወንድሟ ደወለችና ና ውሰደን አለችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«በአፍህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አሮጊት ለማባረር ይሄ ሁሉ ልፋት?»

ባሏ አፉን ከፈተ። የአማቱን በር አየት አደረገና አፉን መልሶ ዘጋ።

«ሽቦው ገና አላለቀም» አለ።

«ያልቅልሃል። እሷ ከሄደች እኔም አልቀርም። ብቻህን ቁጭ ብለህ ታያለህ።»

ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር። በአራት ወር ውስጥ በዚያ ቤት የተሰማ የመጀመሪያው ጩኸት የእሷው ሆነ። ባሏ መቀሱን አስቀመጠ። ግን አልተነሣም፣ አልለመናትም። ይህን ስታይ ይበልጥ መረራት። ሁለት ሻንጣ አውጥታ በአንዱ የእናቷን በሌላው የራሷን ልብስ ጠቀጠቀች።

ወንድሟ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሻንጣዎቹን፣ ካርቶኖቹን፣ ወለሉ ላይ የተቀመጠውን አማቹን በየተራ አየና ቁልፉን እጁ ላይ ማሽከርከሩን ተወ።

የእናትየዋ በር ተከፈተ። በክራንቻቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ወጡ።

«ነይ እማዬ፣ ወንድሜ ጋ እንሄዳለን» አለች ልጃቸው ክንዳቸውን እየያዘች። «እዚህ ሰላም የለሽም።»

አሮጊቷ ክንዳቸውን አስለቀቁ። ሻንጣዎቹን አዩ፣ ሽቦውን አዩ፣ በመጨረሻም ባሱን በክራንቻቸው ጫፍ ነካ ነካ አድርገው ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ።

«ሪሲቨሩንስ ያዘዝኩህን ገዝተሃል፤ ባሱን ግን ጥጉ ላይ አድርገው አላልኩህም?»