ቀን ያልተገኘለት ቀጠሮ

«ስማ! ሽማግሌው ዛሬም ጽፈዋል!»

ባልደረባው ይህን እያለ፣ ላፕቶፑን ይዞ፣ እየሳቀ ከነወንበሩ ተንሸራቶ ወጣቱ አጠገብ ደረሰ…

ሁለቱ የሚሠሩት አንድ ድረ ገጽ ላይ ነው። ሰው እንደሚያወራው «ማክሰኞ በአራት ሰዓት ጥርስ ሐኪም ጋ» ብሎ ይጽፍለታል፤ እሱ ቀጠሮ አድርጎ ይይዝለትና ሰዓቱ ሲደርስ ያስታውሰዋል።

ድረ ገጹ ያልገባው ጽሑፍ፣ የጸሐፊው ስም ተደብቆ፣ እንዲያርሙት ወደ እነሱ ይመጣል።

በየሳምንቱ የማይቀር አንድ ጽሑፍ ነበር…

«ልጄ የመጣ ዕለት ልለካው።»

መልሱም ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ቀን አልተገኘም። እባክዎ ቀን ይጥቀሱ።»

«ልጁ ሕፃን ነው መሰለኝ፣ ቁመቱን ሊለኩት!» እያሉ ይሳሳቃሉ። «አቶ ቀን የለሽ» የሚል ስምም አውጥተውላቸዋል።

«ዛሬ ደግሞ ምን አሉ?» አለ ወጣቱ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ባልደረባው ድምፁን አጎርንኖ አነበበለት…

«ልጄ የመጣ ዕለት ኮቱን ልለካው። ዓይኔ እየደከመ ስለሆነ ቶሎ ቢሆን። ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ እንደሚል አልርሳ።»

«ወይ ጉድ! ልክ እንዳንተ!» ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው።

እሱ ግን አልሳቀም…

ልጅ ሳለ ከአጥር ላይ ወድቆ ነው ትከሻው የተሰበረው። ከዚያ ወዲህ ልብሱ ላይ እንዳይታይ ያን ጉድለት በጨርቅ የሚያስተካክልለት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊው አባቱ።

ድረ ገጹን በአባቱ ስልክ ላይ የከፈተላቸውም ራሱ ነበር። «አባዬ፣ እንዳትረሳው የምትፈልገውን ጻፍለት» ብሎ…

በደወሉለት ቁጥር ግን «እመጣለሁ አባዬ፣ ቀኑን እነግርሃለሁ» ይላቸዋል።

እንዲህ እንዳለ ሁለት ዓመት አለፈ።

ጃኬቱን አንስቶ ብድግ አለ።

«ኧረ ስብሰባ አለብን! የት ነው?»

«የቆየ ቀጠሮ አለብኝ።»

ቤታቸው ሲደርስ አባቱ መስኮቱ ሥር ቆመው፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማሾለክ ይታገሉ ነበር።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

መርፌው ከእጃቸው ወደቀ…

«ሳትነግረኝ?» አሉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ በነጭ ክር ለጊዜው ብቻ ተያይዞ መለካት የሚጠብቀውን ኮት አውርደው አለበሱት። በጣታቸው ግራ ትከሻውን ዳሰሱ፤ ወደ ወገቡ ወረዱ። ኮቱ ከፊት አልገጥም አለ።

«ወፍረሃል አንተ ልጅ!»

«አስጠበቅኩህ አባዬ… በእኔ ጥፋት ልፋትህ ከንቱ ቀረ።»

«ምን ከንቱ ይቀራል?» አሉ፣ የጎኑን ስፌት ገልበጥ አድርገው እያሳዩት። «ትርፍ ጨርቅ ትቼበታለሁ… እንደምትዘገይ አውቅ ነበር።»

ወዳጆቼ… ወላጅ ለመዘግየታችን ትርፍ ጨርቅ ይተውልናል። የዓይን ብርሃን ግን ትርፍ የለውም።

እናንተስ «ቀኑን እነግርሃለሁ» ብላችሁ እስከ ዛሬ ያልነገራችሁት ማን ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉልን… መጀመሪያ ግን ለእሱ ደውሉ።